ስልከኛዋ ከፏፏቴው አናት ላይ

በሆስፒታሉ ውስጥ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ወይም ወደ ውጭ መደወል የፈለገ ሰው መጀመሪያ ዜሮን ይጫናል። ዜሮን ሲጫን የምታነሳው እሷ ነበረች። ይሄ ነገር ውሎ አድሮ ስም ሆነ። ሐኪሙም፣ ነርሷም፣ የበር ጥበቃውም «ዜሮ» ይሏት ጀመር። «ዜሮዬ፣ እስቲ ፋርማሲን ስጪኝ።» «ዜሮ ሙች፣ የልጄን ትምህርት ቤት ፈልጊልኝ፤ አስቸኳይ ነው።» በክፋት አልነበረም፤ እሷም ቅር ብሏት አያውቅም። እንዲያውም አንድ ቀን አዲስ የመጣ ሐኪም በእውነተኛ ስሟ ቢጠራት «እሷ ዛሬ አልገባችም» ልትለው ምንም አልቀራትም ነበር።

የምትሠራበት ክፍል ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ነው። መስኮት የለውም። ሰው ከራሷ በላይ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ትሰማለች፤ የቸኮለውንና ያልቸኮለውን በጫማው ድምፅ ትለያለች። ጠረጴዛዋ ላይ ካለው መስታወት ሥር የስልክ ቁጥሮች ዝርዝር ተዘርግቷል፤ ለወጉ ነው እንጂ ሁሉንም በቃሏ ታውቃቸዋለች። በሃያ ሁለት ዓመቷ ለሦስት ወር ጊዜያዊ ተብላ ገባች። ገመድ እየነቀሉ የሚሰኩበት ትልቁ ሰሌዳ ተነስቶ ቁልፍ ብቻ ያለው መሣሪያ ሲተካ እዚያው ነበረች፤ እሱም አርጅቶ ሌላ ሲመጣ እዚያው። ሠላሳ አንድ ዓመት። ድምፅዋን የማያውቅ የለም፤ መልኳን የሚያውቅ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ጠዋት በስልክ «እንዴት አደርሽልኝ የኔ እመቤት» ያላት ሐኪም፣ በምሳ ሰዓት ካፍቴሪያው ወረፋ ላይ ትከሻዋን ገፍቶ ያልፋል።

ባል አላገባችም። ሊሆን ነበር፣ አልሆነም፤ ስለሱ ማውራት አትወድም። አንዲት ታናሽ እህት ነበረቻት። እህቷ እዚያው ሆስፒታል ሦስተኛ ፎቅ ተኝታ ሳለ፣ አንድ ጠዋት የክፍሉ ነርስ ዜሮን ደወለች። ነርሷ ለሥራው አዲስ ነበረች።

«የአልጋ አሥራ አንድን ቤተሰብ አገናኚኝ» አለችና ቁጥሩን አነበበችላት።

ቁጥሩ የራሷ የቤት ስልክ ነበር።

«እዚያ ቤት አሁን ሰው የለም» አለች ስልከኛዋ።

«ሌላ ቁጥር አላቸው ይሆን?»

«የላቸውም። እኔ ነኝ። ንገሪኝ።»

ነርሷ መናገር አቅቷት ትንፋሿ ብቻ ይሰማ ነበር። የእህቷን ሞት የሰማችው እንዲህ ነው። ወዲያው ሌላ መስመር ጠራ፤ አነሳችው፤ የሚፈልጉትን ክፍል ሰጠቻቸው። ማዳመጫውን አውልቃ ደረጃውን የወጣችው ከዚያ በኋላ ነው።

እህቷ የስድስት ዓመት ሴት ልጅ ትታ ነበር የሞተችው። ልጅቷን ሚጡ ይሏታል። ስልከኛዋ ሚጡን ወስዳ በባለ ሁለት ክፍል አፓርታማዋ አሳደገቻት። ጸጉር መሥራት ተማረች፤ የረሳችውን ክፍልፋይ እንደገና አጠናች፤ የወላጆች ስብሰባ ላይ ከእናቶች መሀል ቁጭ አለች። ሚጡ አድጋ፣ ተምራ፣ ሌላ ከተማ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆነች። መጀመሪያ በየእሑዱ ትደውል ነበር። ቆይቶ ሁለት እሑድ እየዘለለች፣ ቆይቶ ሲመቻት። ስልከኛዋም ቀኑን ሙሉ የሰው ስልክ ስታገናኝ ውላ ቤቷ ስትገባ፣ የቤቷ ስልክ ኩርፍ ብሎ ይጠብቃታል።

ሃምሳ ሦስት ዓመት የሞላት ቀን ሚጡ ደወለች።

«አክስትዬ፣ ስጦታ ገዝቼልሻለሁ። ግን እንዳትጮኺ።»

«ምንድን ነው?»

«ፏፏቴ እንሄዳለን፤ ሙሉ ቀን፣ ከአስጎብኚ ጋር። ከፏፏቴው ላይ እየዘለልን፣ እየዋኘን ነው የምንውለው። ሁለታችን፣ እኔና አንቺ!»

«አንቺ ልጅ ያምሻል? እኔ ገንዳ ውስጥ እንኳ ገብቼ አላውቅም።»

«አራት ወር አለን። ትማሪያለሻ!»

ተማረች። ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ ስትወጣ የከተማው መዋኛ ገንዳ ትሄዳለች። አሠልጣኟ ፊሽካ ያንጠለጠለች ወፍራም ሴት ነበረች፤ «ውሃው ጠላትሽ አይደለም፤ አንገትሽን አታድርቂው!» እያለች ትጮህባታለች። የመጀመሪያውን ወር የገንዳውን ጠርዝ እንደ ዘመድ አንገት አቅፋ አሳለፈችው። በሁለተኛው ወር ለቀቀችው። በአራተኛው ወር ጉዞው የሚጠይቀውን ሃምሳ ሜትር ሳትቆም ዋኘች፤ ወጥታ ቁና ቁና እየተነፈሰች «ለሚጡ ልንገራት» ብላ ስልኳን ብታነሳ፣ ሚጡ ሥራ ላይ ነበረች።

ጉዞው ቅዳሜ ነው። ዓርብ ከሰዓት ሚጡ ደወለች። ገና «አክስትዬ» ስትል፣ ስልከኛዋ ነገሩን ከድምፅዋ አወቀች። በዚህ ሥራ ላይ ያን ያህል ዘመን ቆይቶ ይሄን የማይለይ ጆሮ የለም።

«አክስትዬ፣ እንዳትቆጪኝ። የጓደኛዬ ወላጆች ነገ ሊያዩኝ ይመጣሉ። ድንገት ነው የነገረኝ። ምን ልበላቸው?»

«ኧረ ምን ችግር አለ! ጥሩ ልብስ ልበሺ።»

«ሌላ ቀን እናዘዋውረው?»

«አይ፣ ለኔ እንኳ ይሻለኛል። ብርድም አይደል?»

ስልኩን ዘጋች። ጠረጴዛው ላይ ለሁለት ሰው የተገዛ ዳቦና እንቁላል፣ ስድስት ብርቱካንም ነበር። ቁጭ ብላ አየችው። ከዚያ ተነስታ እንቁላሉን በሙሉ ቀቀለችው። ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅም፤ የቀረች እንደሆነ ያ ሁሉ ማክሰኞና ሐሙስ ከንቱ እንደሚሆን ብቻ ተሰማት።

በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሚኒባሱ ከተባለው ነዳጅ ማደያ ፊት ለፊት ቆሞ ነበር። አስጎብኚው ትከሻው የሰፋ፣ ፀሐይ ያጠቆረው ወጣት ነው። ስም እያየ ይቆጥራል። ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጡ አራት ሴቶች አሉ፤ ገና ሳይነሱ ሳቃቸው መኪናውን ሞልቶታል። ሳምንት ያልሞላቸው ሙሽሮች አሉ፤ አንዱ የሌላውን እጅ ለአፍታ እንኳ አይለቅም። ጸጉራቸው የሸበተ የሒሳብ መምህርና ዩኒቨርሲቲ የምትማር ሴት ልጃቸው አሉ።

«አሥር መሆን ነበረባችሁ» አለ አስጎብኚው ወደ ስልከኛዋ ዞሮ። «ከእርስዎ ጋር ያለችውስ፣ እማማ?»

«አልመጣችም። እማማ ደግሞ አትበለኝ።»

«እሺ እናቴ።»

«እሱም ይቅር።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

ዜሮ በለኝ ልትል ምላሷ ላይ መጣና ዋጠችው። «እትዬ በለኝ፤ ይበቃል» አለችው።

ከኋላ፣ ባለ ሁለት ሰው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ባዶው ቦታ ላይ ቦርሳዋን አደረገችበት። ጥቂት እንደሄዱ አነሳችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ መለሰችው።

ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዘው መኪናው አቧራማ ሜዳ ላይ ቆመ። ሹፌሩ እዚያው ሊጠብቃቸው ስለሆነ ለሚጡ የቋጠረችውን ምሳ ሰጠችው፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሳይውል ሳያድር እንቁላሉን ይልጥ ጀመር። ሄልሜትና የመንሳፈፊያ ጃኬት ታደለ። አስጎብኚው ድንጋይ ላይ ወጣና ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ስሙኝ! ዝለሉ ስላችሁ እንደ እንቁራሪት እንዳትዘሉ። ከጫፉ ላይ ወደ ፊት አንድ እርምጃ መራመድ ብቻ ነው። እግር ገጥማችሁ፣ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምራችሁ፣ ዓይናችሁ ማዶ ያለውን ዛፍ ይይ። ውሃውን ያየ ሰው በግንባሩ ይወድቃል። እኔ ሳልል ማንም አይዘልም። አሁን ሁለት ሁለት ሁኑ፤ ቀኑን ሙሉ ጓደኛችሁን ከዓይናችሁ እንዳታጡ።»

ሁሉም ዞር ዞር ብሎ ጓደኛውን ያዘ። እሷ የጃኬቷን ማሰሪያ ለማጥበቅ አጎነበሰች፤ ጥብቅ ነበር።

«እትዬ ከኔ ጋር ነዎት» አለ አስጎብኚው።

የመጀመሪያው ፏፏቴ የሰው ቁመት ቢሆን ነው። ሙሽራው ተገለባብጦ ዘሎ ተጨበጨበለት። እሷ ስትዘል ውሃው አፍንጫዋ ውስጥ ገብቶ አስነጠሳት፤ አራቱ ሴቶች ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ በድንጋዮቹ መሀል ባለው ጠባብ መንገድ ዋኙ። ውሃው ይቀዘቅዛል፤ አጥንት ድረስ ዘልቆ የሚገባ ቅዝቃዜ ነው። ግን አንገቷን አላደረቀችም። ግራና ቀኝ ያለው ገደል እየረዘመ ሲሄድ፣ ሰማዩ ከላይ እንደ ቀጭን ጨርቅ ሆኖ ቀረ። ይሄን ሳይ ከጎኔ ሰው በኖረ አለች በሆዷ። አስጎብኚው ከፊቷ እየዋኘ በየጥቂቱ ዞር ይላል፤ የሚያየው ግን ሁሉንም ነው፤ እየቆጠራቸው ነው።

ሁለተኛው አምስት ሜትር ነበር። አስጎብኚው ከጎኗ ቆሞ እጇን ያዘና «አንድ፣ ሁለት» ብሎ ሦስት ሳይል ይዟት ወረደ። ስትወጣ ስትሳደብ ተሰማች። ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችው ስድብ ነበር የሚመስለው፤ እሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ምሳ የሞቀ ጠፍጣፋ አለት ላይ በሉ። ሁሉም ከጓደኛው ጋር ተጣብቆ ተቀምጧል፤ አስጎብኚው ከታች ገመድ እያሰረ ነው። እሷ ብርቱካን እየላጠች ሳለ መምህሩ ከልጃቸው ጎን ተነስተው መጡ።

«ይቅርታ፣ ብርቱካን ልጋብዝዎት ብዬ ነበር፤ ለካ እርስዎም ይዘዋል» አሉ።

«ይቀመጡ። የኔ ይበዛል።»

ሰውየው ሊቀመጡ ጎንበስ ካሉበት ቀና አሉ።

«እስቲ እንደገና ይናገሩ?»

«ምን ልናገር?»

«ምንም ይበሉ። ጠዋት ከአስጎብኚው ጋር ሲያወሩ ጀምሮ ድምፅዎ ሲያስጨንቀኝ ነው የዋለው። ሆስፒታል አይሠሩም?»

ስልከኛዋ ብርቱካኑን እንደያዘች «እሠራለሁ፤ ስልክ ነው የማገናኘው» አለች።

መምህሩ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «የዛሬ ሦስት ዓመት ባለቤቴ እዚያ ተኝታ ነበር። እኔ ገጠር ነበር የማስተምረው፤ የምመጣው ቅዳሜ ብቻ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እደውል ነበር። አንድ ቀን ገና ሳልናገር ‹ሁለተኛ ፎቅ አይደል?› አሉኝ። ሌላ ቀን መስመሩ ተይዞ ‹አይዝጉ፣ አለሁ› አሉኝ። ባለቤቴ ያለፈች ዕለት ደግሞ ከሐኪሙ ጋር ጨርሼ ስልኩን መዝጋት አቅቶኝ ሳለ ገብተው ‹ጌታዬ፣ ከጎንዎ ሰው አለ?› አሉኝ። ያስታውሱታል?»

ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። አዎ ማለት ቀላል ነበር። እሷ ግን በቀን ሦስት መቶ ሰው የምታገናኝ ሴት ናት፤ ያን ሁሉ ዓመት «አይዝጉ፣ አለሁ» ያለችው ለስንቱ እንደሆነ ቆጥራ አታውቀውም።

«አላስታውስም» አለች። «ብዋሽዎት ደስ ባለኝ። ግን አላስታውስም።»

መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነው። ከየት ብለው ያስታውሱታል።» ብዙም አልቆዩም። ልጃቸው «አባዬ፣ እግርህን ፀሐይ ላይ አድርገው» ብላ ስትጠራቸው አመስግነው ሄዱ። ስልከኛዋ ብርቱካኑን ሳትበላው ቀረች። በሰው ሕይወት ውስጥ ያን ያህል ጠልቃ ገብታ ኖሯል፤ ከዚያ ውስጥ ለራሷ የቀራት ነገር ግን የለም። ያን ቀን ሰውየው ከጎናቸው ሰው አለ ብለው ይሆን? እሱን እንኳ ልትጠይቃቸው አልበቃችም።

የመጨረሻው ፏፏቴ ዘጠኝ ሜትር ነው። ሦስት ፎቅ። «ይሄኛው ግዴታ የለበትም፤ የፈራ በጎን በኩል በገመድ ይወርዳል» አለ አስጎብኚው። ከታች፣ ሰፊው ጥቁር አረንጓዴ ገንዳ ውስጥ፣ ቀድሞ የወረደ አንድ ረዳቱ እየዋኘ የሚዘለውን ሁሉ ይቀበላል። አራቱ ሴቶች እየጮሁ ወረዱ። መምህሩ ልጃቸውን አስቀድመው ተከተሏት። ሙሽሪት በገመድ ወረደች። ሙሽራው ደግሞ እሷ እንድታየው ብሎ ሮጦ ዘለለ። አናቱ ላይ አስጎብኚውና ስልከኛዋ ብቻ ቀሩ።

«ተዘጋጁ እትዬ?»

«ቆይ እስቲ፣ ልተንፍስ።»

ያን ጊዜ ከታች የሙሽሪት ጩኸት የውሃውን ድምፅ ሰንጥቆ መጣ። ሙሽራው ከውሃው ሲወጣ የሚያዳልጥ ድንጋይ ላይ ሊጨፍር ፈልጎ ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበታል። ረዳቱ ሊሸከመው ቢሞክር ብቻውን አልቻለውም።

«እትዬ፣ እዚሁ ይጠብቁኝ፤ አሁን መጣሁ። እንዳይዘሉ!» አለና አስጎብኚው በገመዱ ተንሸራቶ ወረደ።

ጠበቀች። ከታች ሁሉም ሙሽራውን ከብበውታል፤ ከላይ ሲታዩ ባለ ቀለም ሄልሜቶች ብቻ ናቸው። አስጎብኚው እግሩን እየጠቀለለ ነው። ረዳቱ ቦርሳ ሊያመጣ ሮጠ። አሥር ደቂቃ ሆነ፣ አሥራ አምስት። ነፋስ እርጥብ ልብሷን መታት፤ ጥርሷ ይንገጫገጭ ጀመር። የፏፏቴው ድምፅ ሌላውን ሁሉ ውጦታል፤ ብትጣራም አይሰሙም። አንድ ጊዜ እጇን አወዛወዘች። ቀና ያለ የለም። ረስተዋት ይሁን ጊዜ አጥተው ይሁን ከዚያ ላይ ሆኖ መለየት አይቻልም።

ገመዱ አጠገቧ ነበር፤ መውረድ ትችላለች። አየችው። ከዚያ እስካሁን ድረስ ለራሷም ማስረዳት የማትችለውን ነገር አደረገች። ጫፉ ላይ ሄደች፣ እግሯን ገጠመች፣ እጇን ደረቷ ላይ አጣመረች፣ ማዶ ያለውን ዛፍ አየች። «ሚጡዬ» አለች፤ ድምፅዋን ራሷም አልሰማችውም። አንድ እርምጃ ተራመደች።

መውደቁ ረዘመ። ከዚያ ውሃው እንደ በር ጓ ብሎ ተከፈተና ዋጣት። ከሥር ዝም ያለ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ጆሮዋ ላይ የጮኸው ሁሉ ዝም አለ። ዓይኗን ገለጠች፤ አረንጓዴ ብርሃን፣ የራሷ እጆች፣ ወደ ላይ የሚሸሹ አረፋዎች። ጃኬቱ ጎትቶ አወጣት። አየር ስታገኝ ከደረቷ ጩኸት ፈነዳ። የደስታ ነበር።

ዞረች። ማንም አላያትም። አስጎብኚው ጀርባውን ሰጥቶ አጎንብሷል፤ መምህሩ የሙሽራውን ራስ ደግፈዋል፤ ሴቶቹ ሙሽሪትን ያባብላሉ። ብቻዋን ዋኝታ ዳር ደረሰች፤ ብቻዋን ወጣች፤ ብቻዋን መጥታ ከኋላቸው ቆመች። አስጎብኚው ዞር ሲል ክው አለ።

«በየት መጡ?»

«ዘለልኩ።»

«ዘለልኩ? አንድ ነገር ሆነው ቢሆንስ? ማን ነበር የሚያይዎት?» ጮኸባት።

«እውነትህን ነው። አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ» አለች።

ይቅርታዋ ቁጣውን አበረደው። አያት፤ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል፤ ፊቷ ግን እንደ ልጅ ፈክቷል። አንጀቱን በላችው መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በቃ፣ ከፈለጉ አብረን እንውጣና እንደገና ይዝለሉ፤ ፎቶ አነሳዎታለሁ። ሁሉም ያጨበጭብልዎታል።»

«አይ፣ ይቅር» አለች። «ተዘሏል።»

ሲመለሱ ሙሽራው እግሩን ዘርግቶ የኋላውን ወንበር ስለያዘው፣ እሷ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠች። ሹፌሩ ስለ እንቁላሉ ደግሞ አመሰገናት።

ቀኝ ጆሮዋ ውስጥ ውሃ ቀርቶ ነበር። ሰኞ ሥራ ስትገባ ማዳመጫውን ወደ ግራ አዞረችው፤ ግራው ግን አልለመደም። መጋዘን የጠየቀውን የወጥ ቤት ሠራተኛ ለዋናው ዳይሬክተር ሰጠችው፤ ዳይሬክተሩ የሁለት ኩንታል ድንች ትእዛዝ ተቀበሉ። ሆስፒታሉ ሁሉ ሲስቅ ዋለ። «ዜሮ ተሳሳተች!» እየተባለ ከፎቅ ወደ ፎቅ ተወራ። ምን ነካሽ ብሎ የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም፤ ቢጠይቋት ትነግራቸው ነበር። ረቡዕ አውቶቡስ ላይ ቆማ ሳለች ውሃው በድንገት ሞቅ ብሎ አንገቷ ላይ ፈሰሰ። በእጅጌዋ ጠረገችው።

ሚጡ የደወለችው እሑድ ነው። ስለ ጓደኛዋ ወላጆች፣ ስለ ለበሰችው ልብስ፣ እናቱ ስላሏት ነገር አወራች። መጨረሻ ላይ «ያንቺስ ፏፏቴ? ፎቶ ላኪልኝ እንጂ!» አለች።

«ፎቶ የለም።»

«እንዴት? ማን ነበር ሲያይሽ ታዲያ?»

«ማንም።»

ከዚያ ሚጡ ቀስ ብላ «አክስትዬ፣ ተቀይመሽኛል እንዴ?» አለች።

ኧረ ምን ችግር አለ የሚለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

«አዎ» አለች። «ተቀይሜሻለሁ።»

ሚጡ ምን እንደምትል ጠፋት። ስልከኛዋ ይሄንን ዝምታ ታውቀዋለች፤ ሰው ስልኩን ሊዘጋ ሲል እንዲህ ነው የሚሆነው። ሚጡ ግን አልዘጋችም። «በይ ንገሪኝ» አለች፤ ድምፅዋ ቀጥኗል። «ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ።»

ነገረቻት። ስለ ነዳጅ ማደያው፣ ስለ ባዶው ወንበር፣ ስለ መምህሩ፣ ከላይ ብቻዋን ስለቆመችበት ጊዜ፣ ስለ ዝላዩ። ሚጡ አንድ ጊዜም አላቋረጠቻትም።

«እኔ ብኖር አልዘልም ነበር» አለች ሚጡ።

«አውቃለሁ» አለቻት።